ይመኙሻል ነጠላዋን ከአፏ ስታወርድ

እልል በሉ፤ መሬቱ ከእጇ አይወጣም! የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ትናንት ቁርጡን ተናግሯል። የማን መሬት አትሉም? የዘመሮዋ የይመኙሻል ነዋ።

አምና ለቤት ክዳን የጓሳ ሣር አጭዳ ስትመለስ በቅሎዋ ጣለቻትና ራሷን ተመታች። ከዚያ ወዲህ ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች፤ ቁልፉን የት እንዳኖረች ይጠፋታል። ዋርሳዋ ፈንታ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ይህን ሲሰማ በየደረሰበት ዞሮባታል እያለ አወራ፤ መሬቷን እኔ ልያዝላት ብሎም አመለከተ። ኮሚቴው መጀመሪያ ሐኪም ይያት አለ። እንዲህ ያለውን የሚመረምረው ዶክተር ምስክር የሚገኘው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጧትና በስክሪን ተገናኙ።

ፈንታ ወንበር ስቦ ከጀርባዋ ተቀመጠ። እሷ ደግሞ ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ በታላቅ ዋርሳዋ ፊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ከመድፋት ሌላ አታውቅም። ዶክተሩ አምስት ቃል ነግሯት ይድገሙልኝ አለ፤ ዝም። ቀኑን ጠየቃት፤ ዝም። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ እንዴት ትናገር!

«ድንጋይ ብትጠይቁ ይሻላችኋል» አለ ፈንታ።

ዶክተሩ ቀና አለ። በስክሪኑ የሚታየው የእሷ ጎንበስ ያለ ራስ ብቻ ነበር።

«ይህ ድምፅ የማን ነው?»

አጠገቧ የቆመችው ነርስ እፀገነት ዋርሳዋ እንደሆነና በፊቱ እንደማትናገር አስረዳችው። ፈንታ እንዲወጣ ተጠየቀ፤ የወንድሜን ሚስት ማን ከእኔ ይደብቃታል እያለ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ነጠላው ወረደ። ከአምስቱ ቃል ሁለቱ ጠፉባት፤ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰች።

«ቤትዎ ሲጨስ ቢያዩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ዋርሳዬ የት እንዳሉ አጠይቃለሁ።»

ዶክተሩ ሳቀ። አዲስ ነገር ቶሎ ይረሳታል፣ ማመዛዘኗ ግን ሙሉ ነው ብሎ ለኮሚቴው አስታወቀ። ቁልፉን መቀነቷ ላይ እንድታስር፣ ጨው ከጨመረች በኋላ ምልክት እንዲሆናት የጨው ዕቃውን ከድና እንድትገለብጠው መከራት፤ በየቅዳሜው በነርሷ ስልክ ይጠይቃታል።

ትናንት ውሳኔው ሲነገር ፈንታ ምድሩን ተፋበት። በመስኮት ታይቶ የሚጠፋ ሐኪም ምን ያውቃል፣ እብድ አርሳ ስታበላችሁ አያለሁ አለ። ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ አፏ አላነሳችም።

«ጋሼ ፈንታ፣ ዘንድሮ ገብሱን እኔው አዘራለሁ። እርስዎ ድንበሬን አይለፉ።»

ሞላሌ ያለችው እህቷ ሀይማኖት ይህን ሁሉ ገና አልሰማችም። ወደዚያ የሚሄደው መኪና እየጮኸ ነው፤ ሄጄ ልንገራት፣ ልሩጥ!