ከሐፊሩ አጥር የመዘዝኳት እሾኽ

ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ፤ አንዲት የደረቀች ቅርንጫፍ መንደር ሙሉ ሰው እንዴት እንዳስጠማች አጫውታችኋለሁ። ሰምታችሁ አትቆጩም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ከሀዋታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከጎንደርና ከመተማ ወርደው እዚያው በቀሩ ሰዎች መንደር ነበር። በበጋ የምንጠጣው ከሐፊር ነው። ሐፊር ምን መሰላችሁ፣ የክረምቱ ጎርፍ እንዲጠራቀምበት የተቆፈረ ሰፊ ኩሬ ነው። ዙሪያው በእሾኽ ይታጠራል፤ ከብት ከአጥሩ ውጭ ካለው ገንዳ ይጠጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። አጥሩን የሚሠራው ሌላ ማንም አይደለም፤ አጨዳው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም እሾኽ ያመጣል፤ የእኛም ሰዎች፣ ዐረቦቹ ከብት አርቢዎችም። እሾኹን ያመጣ ይቀዳል፤ አገርህ ወዴት ነው አይባልም።

ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ አያ ማሩ ደጅ እንሰበሰብ ነበር። አያ ማሩ ጉልበታቸው ሲደክም ማጭዳቸውን ሰቅለው ተረት የያዙ ሽማግሌ ናቸው። የተረቱ መግቢያ አንድ እንጨት ነው፤ ልጅ ሁሉ የምትነድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣ ጭሱ በሚነፍስበት በኩል ይቀመጣል።

አንድ ቀን እናቴ ሥራ አስይዛኝ ዘገየሁ፤ እንጨት የምለቅምበት ጊዜም አላገኘሁ። እሳቱ ከሩቅ ሲታየኝ ልቤ ተሰቀለ። በሐፊሩ አጥር በኩል ሳልፍ አንዲት ደረቅ ቅርንጫፍ ወጣ ብላ አየሁና፣ አንዲት ብቻ ናት ብዬ መዘዝኳት። እሾኽ የተቆላለፈ ነው፤ ጎረቤቷም ተከትላ ወደቀች። ዞር ብዬም አላየሁ።

የዚያን ማታ ተረት ስለ ጅብ ነበር። እንስሳት ሁሉ ጉድጓድ ቆፍረው በጠፍር የታሰረ መቅጃ አበጁለት። ጅብ ጠፍሩን በየቀኑ አንድ ስንዝር ይበላል። በመጨረሻ መቅጃው ውኃው ዘንድ አልደርስ ሲል፣ «ጎበዝ፣ ጉድጓዱ ሸሸ!» ብሎ የጮኸው ራሱ ጅብ ነው። እኔ የዚያች እንጨት ነበልባል ፊቴን እየሞቀኝ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

በማግሥቱ፣ ዐሚ፣ አጎቴ፣ እያልን የምንጠራው የዐረብ ከብት አርቢ የኢድሪስ ላሞች ሐፊሩ ውስጥ እስከ ሆዳቸው ቆመው ተገኙ። ውኃው ጭቃና እበት ሆነ፤ ሴቶች ጀሪካናቸውን ባዶ ይዘው ተመለሱ፤ ዝናቡ ደግሞ ገና ነው። ሰው ዛፉ ሥር ተሰበሰበ።

«ከዛሬ ወዲያ የኢድሪስ ከብት ከገንዳውም እንዳይጠጣ!» አለ አንዱ።

«ወላሂ፣ ላሞቹ አምልጠውኝ ነው እንጂ አጥር አልነካሁም» አለ ኢድሪስ።

«ታዲያ ላሞችህ እሾኽ መምዘዝ ተማሩ?»

ሰው ሳቀ። ኢድሪስ ግን የጎን አጥንታቸው የሚቆጠር ጥጆቹን ያይ ነበር። ሌላ ውኃ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ጥጆቹ አይደርሱም። ይህን ልጅ ብሆንም አውቄዋለሁ። «አያ ማሩ፣ ትናንት ያነደድናት እንጨት... ከሐፊሩ አጥር ናት» አልኩ።

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አያ ማሩ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ከየት አመጣሽው ሳልል ሞቅሁ። ለካ አጥራችንን እያነደድኩ ነው ተረት የማወራው! ኢድሪስን ከከለከላችሁት እኔንም ከልክሉኝ።»

ማንም አልከለከለም። የኢድሪስ ከብት ከገንዳው እንዲጠጣ ተፈቀደ፤ እኛም ጭቃው እስኪጠልል ሁለት ቀን ጠብቀን፣ በነጠላ እያጠለልን ጠጣን። አጥሩን የጠገንነው ግን ያኔውኑ ነው። ኢድሪስ መጥቶ የእሾኹን አንድ ጫፍ ያዘና፣ «መዐሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ፤ ግን ወፍራሙን ጫፍ አንቺ ትይዣለሽ» ብሎ አሳቀኝ። እጄ ደማ፤ አልጠላሁትም።

በኋላ ራሴን በራሴ ሳስተምር፣ የጋራ ነገር ባለቤት ስለሌለው ይጠፋል የሚል አነበብኩ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሐፊሩ ባለቤት ሞልቶት ነበር፤ የጎደለው፣ እንጨት ይዛ የመጣችን ልጅ «ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። በእኔ ውስጥ የቀረው ይኸው ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም ራሴን ነው።

እስቲ እናንተም ነገ ጠዋት የምትቀዱበትን ቦታ አንድ ዙር በእግራችሁ ዙሩት። ክፍተት ካገኛችሁ፣ የማን ላም ገባች ከማለታችሁ በፊት ዝጉት።