ማጥፊያ የሌለው ኤሲ

ሰፈሩ ሁሉ «ውርጩ» ይለዋል። ሥራው ሕንፃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሶላር ይዘረጋና ኤሲውን ከፀሐይ ጋር ያጋባዋል። ጉራው ከሥራው ይቀድማል። «ሲኦልም ቢሆን ጣሪያ ይኑረው እንጂ አቀዘቅዘዋለሁ» ይላል። እሱ ኤሲ በገጠመበት አንድ ሆቴል፣ ለፍቺ ሽማግሌ ፊት የተቀመጡ ባልና ሚስት ብርዱን ሲያዩ ተቃቅፈው ወጥተዋል ተብሎም ይወራለታል።

አባቱ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበሩ። ቆጣቢ ናቸው ማለት ባሕር እርጥብ ነው እንደማለት ነው። በከንቱ የበራ አምፖል ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ የጎረቤትም ቢሆን አንኳኩተው ገብተው ያጠፋሉ። ፀሐይ ማጥፊያ ቢኖራት ኖሮ እስክትጠልቅ አይታገሷትም ነበር።

ታመው አልጋ ሲይዙ ክፍላቸው እንደ ምድጃ ጋለ። ውርጩ ፓኔሎቹን ጣሪያው ላይ ደርድሮ፣ ባትሪ እንኳ ሳያስገባ፣ ኤሲውን በቀጥታ ከፀሐይ አገናኘላቸው። አባቱን ስለሚያውቅ ማጥፊያ አልሠራለትም። ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፣ ስትጠልቅ ይተኛል፤ በቃ።

«አንተ ልጅ፣ አጥፋልኝ። በረደኝ።»

«አባዬ፣ በፀሐይ ነው እኮ የሚሠራው፤ ቢል የለውም።»

«በረደኝ ነው የምልህ!»

«አውቅሃለሁ! አንተን የሚበርድህ ቆጣሪ ሲዞር ነው።»

ልጅ ሳቀ፤ አባትም ትንሽ ፈገግ አሉ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ኤሲው እያጉረመረመ፣ ሽማግሌው አረፉ። እጃቸው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ማጥፊያ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ውርጩ ጉራውን ዋጠ። በየሕንፃው ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲነካው «በረደኝ» የሚል ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይገባል። እውነት በርዷቸው ነበር ወይስ የለመዱት ቁጠባ? ይህን የሚነግረው ሰው አፈር ለብሷል። ያንን ኤሲም ለመንቀል እጁ እምቢ አለው።

አንድ ቀን እናቱ ደወሉ። «የአባትህ ኤሲ ፀሐይዋ እያለች ቀጥ አለ። ና እስቲ እየው።»

ሄደ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ሽቦውን ፈተሸ፤ ደህና ነው። መሰላሉን ከመኪናው አውርዶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ወጥቶም ደርቆ ቀረ።

ፓኔሎቹ ብርድ ልብስ ለብሰዋል። ቡናማው፣ ጫፉ በካውያ የተቃጠለው፤ አባቱ የመጨረሻ ቀን የለበሱት። ዳር ዳሩ ደግሞ በሽተኛ ሲያለብሱ እንደሚደረገው በፍሬሙ ሥር በጥንቃቄ ተወትፏል።

ብርድ ልብሱን ታቅፎ ወረደ። «እማዬ! በዚህ ጉልበትሽ ጣሪያ መውጣት ምን የሚሉት ነው?»

«እኔ? ከወንበር ለመነሣት ሰፈር የምቀሰቅሰው ሴትዮ? በምን ልውጣ፣ በክንፌ?»

«በመሰላል ነዋ!»

«የዚህ ቤት መሰላል ያንተ መኪና ላይ አይደል እንዴ የሚኖረው? ከቀብሩ ጀምሮ መች መልሰኸው ታውቃለህ?»

ውርጩ መሰላሉን አየው። እውነታቸውን ነው።

እናቱ ብርድ ልብሱን ተቀብለው አሸተቱት። «ሣጥን ውስጥ ነበር የቆለፍኩበት» አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «በርዶት ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ውርጩ ከዕቃው መካከል ማጥፊያ መርጦ፣ የተኛ ሰው እጅ ከሚደርስበት ቦታ፣ ከአልጋው ራስጌ ገጠመው። ቀጭ አድርጎ አበራው። ኤሲው አጉረመረመ። ብርድ ልብሱን ባዶው አልጋ ላይ ዘርግቶ ወጣ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከሚሠራበት አዳራሽ ሆኖ ደወለ።

«እማዬ፣ ኤሲው እንዴት ነው?»

«ጠፍቷል፤ ድምፁ አይሰማም።»

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«እኔ ጠዋት በሩን ከዘጋሁ ወዲህ አልገባሁም።»

ውርጩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ላብራው?» አሉ እናቱ።

«ተይው እማዬ። አትንኪበት» አለ።

አዳራሹ ገና አልቀዘቀዘም፤ ሠራተኛው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል። ውርጩ ግን የኮቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፋቸው።