ቢጫው በቆሎና ቡናማው ሩዝ በሸዋ ሮቢት

ሳሊሃ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ካለው መሬቷ ግማሹን ቢጫ በቆሎ ስትዘራበት፣ ጎረቤቶቿ ሳይቀልዱባት አያልፉም ነበር። ቢጫ በቆሎ ለእነሱ የዶሮ መኖ ነው። ዕድሜያቸው የገፋውን ደግሞ በድርቅ ዘመን በካሚዮን ይመጣ የነበረውን የርዳታ እህል ያስታውሳቸዋል። «እንደዚያ ያለ ነጭ በቆሎ እያለ ምን ነካሽ?» ይሏታል። እሷም «ለኔ ቢጫው ይሻለኛል» ብላ መኮትኮቷን ትቀጥላለች።

ምክንያት ነበራት። የመጨረሻ ልጇ ሒክማ በአራት ዓመቷ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች። ሳሊሃ መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሏት ነበር። አንድ ቀን ግን ልጅቱ ደጃፍ ላይ የተኛችውን ፍየል ሳታያት ረግጣት በግንባሯ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ስትወስዳት «ዳፍንት ነው፤ ቫይታሚን ኤ አንሷታል» ተባለች። መድኃኒቱ ተሰጣትና ብዙም ሳይቆይ ሒክማ እንደ ሌሎቹ ልጆች ማየት ጀመረች።

ሳሊሃ ግን በዚያ አላበቃችም። «እንዳይመለስባት ምን ላብላት?» ብላ ጠየቀች። እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ማንጎ ተዘረዘረላት። መጨረሻ ላይ ነርሷ እንደ ዋዛ «በቆሎም ከሆነ ቢጫው ይሻላል» አለቻት። ዱባም ማንጎም ወቅት አላቸው፤ በቆሎ ግን ጎተራ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ ወዲህ የሳሊሃ ቤት ቢጫ ዘር ጠፍቶበት አያውቅም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለኦ ክፍል ሕፃናት ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሊያበላ ሲወስን፣ አብሳይ እንድትሆን የተመረጠችው ሳሊሃ ነበረች። ምን ይብሉ በሚለው ላይ ለመነጋገር ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ።

በከተማው የታወቁት የእህል ነጋዴ ጋሼ አደም ተነሡ። እጃቸው የተፈታ፣ የሰው ችግር የሚገባቸው ሰው ናቸው። «ሩዙን እኔ አመጣለሁ» አሉ። «ነጩን አይደለም፤ ቡናማውን፣ ያልተፈተገውን። ስኳር ይዞኝ አዲስ አበባ ሐኪሜ እሱን ብላ ካለኝ ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። የሚጠቅመውን ትተን ልጆቻችንን የዶሮ መኖ አናብላ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሳሊሃ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ልትናገር ተነሣች፤ ሆኖም «ቢጫው በቆሎም እኮ መጥፎ አይደለም» ከማለት ሌላ ቃል አልመጣላትም። ርእሰ መምህሩ ጌታሰው በትሕትና፣ «እትዬ ሳሊሃ፣ በምን እናረጋግጣለን?» ሲላት «ጠይቄ እመጣለሁ» አለች። ነገሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ።

ሰኞ ማለዳ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጸደንያ የምትባል፣ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ አለች። ሳሊሃ ፊቷ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ ቡናማ ሩዝና ቢጫ በቆሎን ጎን ለጎን አድርገሽ አሳዪኝ። ለኔ ብለሽ ግን እንዳታዳዪ» አለቻት።

ጸደንያ ወረቀት ላይ መስመር አሰመረችና በአንድ ወገን ሩዙን፣ በሌላው በቆሎውን ጻፈች። ሳሊሃ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ንባብ የለየችው በቅርቡ ነው፤ ጣቷን እያስኬደች፣ ቀስ እያለች አነበበች። ጉልበት በመስጠት ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ፕሮቲኑ በበቆሎው ጥቂት ይበልጣል፤ አሰሩ እጥፍ ገደማ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቢጫው ቀለም ሩዙ ውስጥ የለም።

«እሰይ» አለች ሳሊሃ።

«ቆይ፣ አልጨረስንም» አለች ጸደንያ። «ማግኒዥየሙ በሩዙ ይበልጣል። ናያሲን የሚባለውም ቫይታሚን እንዲሁ፤ በበቆሎው ውስጥ ያለውን ሰውነታችን በደንብ አያገኘውም። ደግሞ ሁለቱም ብቻቸውን ልጅ አያሳድጉም። ፕሮቲናቸው ጉድለት አለበት፤ ጥራጥሬ ይፈልጋል።»

ሳሊሃ ወረቀቱን እንደገና አየችው። መሸነፍ መስሎ ተሰምቷት ነበር። ከዚያ ግን የራሷ ማሳ ትዝ አላት፤ በቆሎው ሲነሣ የምትዘራውን ጥራጥሬ ታውቃለች። «ማሾስ?» አለች።

ጸደንያ ቀና ብላ አየቻት። «ማሾማ ልኩ ነው። በቆሎው የጎደለውን እሱ ይሞላል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ቢጫው ቀለም ያለ ቅባት ለሰውነት አይደርስም።»

እስከ ዐርብ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ወረቀቱን ሸመደደችው። በቆሎውን ሳታስፈትግ፣ ከቆላችው ማሾ ጋር ቀላቅላ ወፍጮ ቤት አስፈጨች።

ቅዳሜ ወረቀቷን ይዛ ኒሙ ሥር ቆመች። መጀመሪያ የተናገረችው ሩዙ የሚበልጥበትን ነው። «ጋሼ አደም እውነታቸውን ነው፤ ቡናማው ሩዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ በዚህና በዚህ ከበቆሎዬ ይበልጣል» አለች። ሰዉ ይህን አልጠበቀም። ቀጥላ በቆሎው የሚበልጥበትን አንድ በአንድ አነበበች። የሒክማንም ታሪክ ነገረቻቸው፤ ያዳናት መድኃኒቱ እንጂ በቆሎው እንዳልሆነም አልደበቀችም። «መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ይመጣል። የየዕለቱ ግን ከማሳችን ነው መምጣት ያለበት» አለች።

ከዚያ ድስቱን ከፈተች። ገንፎው ወርቅ መስሎ ነበር። መጀመሪያ ሕፃናቱ ቀመሱ፤ አንዷ ሳህኗን ላሰችውና ሁለተኛ ዘረጋች። ጋሼ አደም ማንኪያ ጠይቀው ቀመሱ። ትንሽ አሰቡና ደገሙ።

«በሕይወቴ ስንት እህል ሸጫለሁ» አሉ። «ሳልቀምስ የሰደብኩት ይህን ብቻ ነው። ሳሊሃ፣ ይቅር በዪኝ። ማሾውን እኔ እችላለሁ።»

«ሩዙንስ?» አለች ሳሊሃ ፈገግ ብላ።

«ሩዙንም ካልሽ አመጣለሁ።»

«በሳምንት አንድ ቀን ይሁን። የበቆሎው ጉድለት በሱ ይሞላል።»

ጌታሰው እጅ አስቆጠረ። እጁን ያላወጣ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ጸደንያ ልጆቹን ስትመዝን፣ ከሁለት ልጆች በስተቀር የሁሉም ክብደት ጨምሮ ተገኘ። ሁለቱም ታክመው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ሳሊሃን ሲተርቧት የነበሩ ጎረቤቶች ቢጫ ዘር ሊለምኗት ደጇን አጣበቡት። እሷም ከመረጠችው ዘር በጣሳ እየሰፈረች፣ «ነጩን ተዉት አላልኩም፤ ለልጆቹ የሚሆን ጥቂት ቢጫ ይኑራችሁ» እያለች ሰጠች።

ከዚያ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ወዳለችው ካራቆሬ ከተማ ተጠራች። እናቶች ስለ ሕፃናት ምግብ በሚሠለጥኑበት አዳራሽ ጸደንያ ንግግሯን ቶሎ ጨረሰችና፣ «ቀሪውን የምታስተምራችሁ እትዬ ሳሊሃ ናት» አለች። ሳሊሃ ነጠላዋን አስተካከለች። ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ያዩአታል፤ ከመካከላቸው አማርኛ የማይቀናት ካለች ብላ በኦሮምኛም ሰላምታ ሰጠች። ከዚያም ጠመኔውን አንሥታ፣ ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። በቀኝ በኩል «በቆሎ»፣ በግራ በኩል «ሩዝ» ብላ፣ ጉልህ አድርጋ፣ በራሷ እጅ ጻፈች።