ነፋስ የነካው ጀሪካን

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጀሪካን የሚያመርት አንድ ትንሽ ፋብሪካ አለ፤ እዚያ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ፋብሪካ ይባል ከተባለ ነው እንጂ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽና አንድ ማሽን ነው። ማሽኑ ሙቀቱን የሚለኩለት ሰባት መለኪያዎች አሉት። ጥሬው ፕላስቲክ ከሚገባበት ጀምሮ ቀልጦ እስከሚወጣበት አፍ ድረስ የእያንዳንዱ ክፍል ሙቀት በሰሌዳው ላይ በቀይ ቁጥር ይታያል። አንዱ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ካለ ማሽኑ ይጮኻል፤ ሥራ አስኪያጁም ምሳውን ጥሎ ይመጣል። እኛ የምንቆምበት ቦታ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚናገር ግን አንድም ነገር አልነበረም። ግንቦት ላይ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ ሁለት መቶ ዲግሪ ገደማ ከሚሞቅ ብረት አጠገብ ሰው እንዴት እንደሚውል የጠየቀ አላጋጠመኝም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ ከማሽኑ አፍ ለስላሳ ቱቦ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሁለት የብረት ግማሾች ከግራና ከቀኝ መጥተው ይገጥሙበታል፤ እኛ ሞልድ እንላቸዋለን። ከዚያ አየር ይነፋበትና ቱቦው ተለጥጦ የሞልዱን ቅርጽ ይይዛል። ሞልዱ ሲከፈት ጀሪካን ሆኖ ይወጣል። አንገቱና ታቹ ላይ የሚቀረውን ትርፍ ፕላስቲክ በቢላዋ የምትቆርጠው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች።

የቀወት ልጅ ናት። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም እንደዚያው። በሃያ ዓመት ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች፤ ቁጣዬን ግን ከቁብ አትቆጥረውም። ጠዋት ፊቴን ቋጥሬ ስገባ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ረግጦዎት መጡ?» ትለኝና ሳልወድ ታስቀኛለች። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እስክትወልድ ሥራው ላይ ከቆየች የወሊድ ፈቃድ ታገኛለች፣ ወልዳም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ካቋረጠች ወይም ከተባረረች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በየቀኑ ጣቷን እያጠፈች የቀሯትን ሳምንታት ትቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየኋት። አዳራሹ ሁለት በር አለው፤ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በምሥራቅ። የምሥራቁ ዕቃ ሲጫን ብቻ ስለሚከፈት ሁልጊዜ ዝግ ነው። እኔ የቆላ ሰው ነኝ። በእኛ አገር ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነፋስ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው፤ አንድ በር ብቻ ከፍቶ የሚቀመጠውን እንስቅበታለን። ሄጄ የምሥራቁን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከሰዓት በኋላ ከአፋር በኩል የሚነሳው ነፋስ ገብቶ አዳራሹን አቋርጦ በምዕራቡ በር ወጣ። «አልሐምዱሊላህ! ጋሼ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎት» አለችኝ። ክርስቲያን ነኝ፤ ምርቃት ግን አይመለስምና አሜን አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ በር ከምሳ በኋላ ክፍት ይውል ጀመር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከጀውሃ አካባቢ የመጣ ገበሬ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ግቢያችን ገባ። ሁለቱም ሆዳቸው ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል። «ከወንዝ ሞልቼ አህያዬን ጫንኩ፤ ቤቴ ስደርስ ባዶ ነው። ውሃ ልንጠጣበት ነው የገዛነው ወይስ አቧራ ልናጠጣበት?» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ሙቀት ያን መንገድ ሄዶ፣ ደረቅ ጀሪካን ይዞ ልጆቹ ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጡ።

ሥራ አስኪያጁ ደገኛ ነው። በዕድሜ ያንሰኛል፤ እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንተ ይለኛል። የተሰነጠቁትን ጀሪካኖች ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው ሰሌዳው ፊት ሄዶ ቆመ። «ሙቀቱ ልክ ነው። ሰባቱም ቁጥር ልክ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አይደለም» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ቢላዋሽ ነው። ጠልቀሽ እየቆረጥሽ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

«ወላሂ፣ ቢላዋዬ ሆዱ ጋ አይደርስም!» አለች። አልሰማትም፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ቢላዋዋ የሚነካው አንገቱንና ታቹን ነው፤ ጀሪካኑ የተሰነጠቀው ሆዱ ላይ። ይህን ለማየት መማር አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ቁጥር የሚያነብ ሰው ዓይኑን ምን ያደርግበታል!

የተመለሱትን ጀሪካኖች ሰብስቤ በመጋዝ ለሁለት ለሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ ጎናቸው ወፍራም፣ ሌላው ጎናቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። የሳሳው ደግሞ በሁሉም ላይ ያው አንዱ ጎን ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ከተመረቱት አንዱን ስከፍለው ሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ አገኘሁት። ግራ ገባኝ። ከምሳ በኋላ ማሽኑ አፍ አጠገብ ቆሜ የሚወርደውን ቱቦ አየሁ። ነፋሱ ሲገባ ቱቦው ትንሽ ዘንበል አለ።

ያኔ ገባኝ። ነፋስ የሚመታው ጎን ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ አየር ሲነፋበት እንቢ ብሎ አይለጠጥም። ሌላው ጎን ትኩስ ስለሆነ እሱ ብቻ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ውሃ ሲሞላበት ይሰነጠቃል። ሰባቱ መለኪያዎች የሚያውቁት ብረቱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ነው። ቱቦው ከአፉ ወጥቶ ሞልዱ እስኪገጥምበት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች የሚለካ የለም። ሙቀቱ የሚጠፋው እዚያ ነበር። በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው ገብቼ የተከፈሉትን ጀሪካኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። «እሷ ምንም አላጠፋችም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ነገሩን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ፣ «በነፋሱ በኩል ማሽኑን አፉ ጋ በቆርቆሮ ከልለን በሩ ክፍት ቢሆን፣ እባክዎን» ብዬ ለመንኩት።

«በር መዝጋት እያለ ቆርቆሮ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ወጥቶ የምሥራቁን በር ራሱ ዘጋና ቁልፍ ቆለፈበት። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ምስጢሩን ያወቅከው አንተ ነህ፤ አንተው ያዘው። ተከፍቶ ባገኘው ከራስህ አልወርድም።» እሷን ይቅርታ አላላትም። አጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እኔ ሞኙ ግን ቦታዋን ያተረፍኩላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጀሪካኑ ተስተካከለ። አዳራሹ ምድጃ ሆነ። ሻሿን ውሃ ነክራ ራሷ ላይ ትጠመጥማለች፤ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። ቀልዷን አቆመች። በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ማለትም በሩ በተዘጋ በአራተኛው ቀን፣ ቢላዋዋን እንደያዘች አጠገቤ መጣች።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ይክፈቱልኝ። ትንፋሽ አጠረኝ።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰሌዳውን አየሁ፤ ከዚያ የሚወርደውን ቱቦ አየሁ።

«ጀሪካኑ ይበላሻል» አልኳት።

ይህን ያለው ሥራ አስኪያጁ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሰበብ ሞልቶኛል፤ እንደገና ቢሰነጠቅ እንደገና እሷን ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እንጀራዬን ማጣትም ፈርቼ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ይህ ነው፣ ለአንዲት እርጉዝ ሴት። አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ «ደህና ይዋሉ» አለችና ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ቆራጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። ግቢው ጥግ ከወደቁት ቁርጥራጭ ቆርቆሮዎች አንዱን አነሳሁ፣ ማዕዘኑን በመዶሻ አጠፍኩት፣ በነፋሱ በኩል ማሽኑ አፍ አጠገብ በሽቦ አሰርኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ቁልፉን አውጥቼ በሩን ከፈትኩ። ነፋሱ ገባ፤ ቱቦው ግን ቀጥ ብሎ ወረደ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጀሪካኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና ወደ ቢሮው ሄደ። «ትመለስ» ስለው ግን፣ «በገዛ እጇ ነው የለቀቀችው» አለኝ።

እሑድ በባጃጅ ሰፈሯ ድረስ ሄድኩ። ደጇ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሾ በሰፌድ ትለቅማለች። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። በሩ እንደተከፈተ፣ ቆርቆሮውን እንዴት እንዳሰርኩት፣ ጀሪካኑም ደህና እንደሆነ፣ ቦታዋን ግን ሥራ አስኪያጁ እንደከለከላት ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ እየለቀመች ሰማችኝ።

«ቆርቆሮውን ከየት አገኙት?» አለች።

«ግቢው ውስጥ ወድቆ የነበረ ነው።»

«ያን ማክሰኞም እዚያው ነበር?»

በሥራ አስኪያጁ ላይ ሳጠራቅመው የከረምኩት ንዴት ሁሉ ያን ጊዜ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

«ነበር» አልኳት።

ማሾዋን መልቀም ቀጠለች።