በጾም የተገዛ እንቁላል

ወረታ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ ከአንዲት እናት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየልኝ። ቤታችን ራቅ ብሎ ከሩዙ ማሳ መሐል ስለሆነ ተመላልሶ መማር አይቻልም። አብራኝ የመጣችው የአገሬ ልጅ ትምህርቷን ትታ ፍራሿን ይዛ ስትመለስ ክፍሉ ሰፋብኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፌን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለማይገባኝ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ነው።

አንድ ቀን መምህራችን የነገሩንን ልሞክር ብዬ እርድ በውሃ በጠበጥኩና ወረቀት ነከርኩበት። ሲደርቅ የሳሙና ውሃ ጠብ ባደርግበት ቢጫው ቀይ ሆነ! ለማን ልንገር? ቀና ስል የአከራዬ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

«ደም ነው?» አለች ትንሿ።

«ሳሙና ነው። ነይ፣ አንቺም ጠብ አድርጊበት።»

በማግስቱም መጡ። ሎሚ ስንጨምርበት ቀዩ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፤ ትልቋ «ታረቁ!» እያለች ታጨበጭባለች። ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይላል፤ ግን ነገ ይመጣሉ።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ደግሞ እንቁላል በጨው ውሃ ሲንሳፈፍ ላሳያቸው ብዬ ከሱቅ አንድ ገዛሁ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው አንዴም ትዝ አላለኝ። በእጄ ይዤው ስገባ አከራዬ አዩኝ። የቄስ ልጅ ናቸው፤ በጾም ቀልድ አያውቁም።

«ምነው ልጄ፣ ዘመድ አያየኝም ብለሽ ጾም ልትገድፊ ነው?»

«ኧረ በማርያም! ለመብላት አይደለም፣ ለልጆቹ ላሳያቸው ነው።»

«ልጆቼ እንቁላል አይተው አያውቁም?»

ልጆቹን ጠርተው አስገቡና በራቸውን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሲስቁ እሰማለሁ እንጂ አይመጡም። እንቁላሉን ብቻዬን ሞከርኩት፤ ተንሳፈፈ። «አያችሁ?» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ተንሳፍፎ ቢውልስ ማን ሊያየው!

አንድ ቀን ከሰዓት አከራዬ ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ ብርጭቆዬን፣ ጨዌንና እንቁላሉን ይዤ ወጣሁ።

«እትዬ፣ እዚሁ ፊትዎ ላድርገው። ከዚያ እንቁላሉን እርስዎ ይውሰዱት።»

ልብሳቸውን ማሸት ቀጠሉ። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ አስገባሁት፤ ሰጠመ። አውጥቼ ጨው ጨምሬ እያማሰልኩ መልሼ አስገባሁት። ደግሜ ጨመርኩ። በመጨረሻ ብድግ ብሎ ከላይ ቆመ። ልብስ የሚያሹት እጆችም ቆሙ።

«ይኼን ሁሉ ጨው የፈጀሽው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሞኝ! ዶሮዬ ታቅፋለች፤ ሂጂ ከስሯ አድርጊው።» ወደ ልብሳቸው ጎንበስ እንዳሉ ደግሞ፣ «የግድ እንቁላል ነው እንዴ? ድንች አይሆንም?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ። እውነትም አላውቅም ነበር።

ትልቋን ድንች አስመጧት። ትንሿም ተከትላ ወጣች። ድንቹ ከእንቁላሉ የባሰ ጨው በላ፤ እኔማ አፈርኩ ብዬ ነበር። ኋላ ቀስ ብሎ ሲነሣ ልጆቹ «ወጣ! ወጣ!» እያሉ ግቢውን አናወጡት።

መሸ፤ እነሱ ለራት ገቡ፤ እኔም ወደ ክፍሌ። ድንቹን ቀቅዬ ብቻዬን በላሁት። ይምጡ ወይም አይምጡ አልተባልኩም፤ መጠየቅም ፈራሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱም የክፍሌ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሿ ቲማቲም፣ ትልቋ ሽንኩርት ይዘው።

«ይኼስ?» አለች ትንሿ።

ትልቋ ግን ከመልሴ ቀድማ መልእክቷን አደረሰች፦ «እማዬ በሩን እንዳትዘጉት ብላለች።»

በሩንማ ማን ይዘጋዋል!