ለጋሼ ባዩ የታሸገው ድምፅ

ሃፊዛ ሽፋ ሥራዋን ለእናቷ ማስረዳት ተስኗት ኖረ። "ፕሮግራም ነው የማሽገው" ስትላቸው፣ በርበሬ ቆሼ ከምትባል ጎረቤት ከተማ እያመጣና በከረጢት እያሸገ ቡታጅራ ገበያ የሚሸጥ ባል ያላቸው እናቷ "እንደ አባትሽ?" ይሏታል። "አዎ ኡሚ፣ እንደሱ ነው" ብላ ትተወዋለች።

ሃፊዛ የተማረችው ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ የተቀጠረችው ደግሞ እዚያው ቡታጅራ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች አርጅተዋል። አንዱን ፕሮግራም ሲጭኑባቸው ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ሃፊዛ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ ጋር ጠቅልላ ዋናው ሰርቨር ላይ ታስቀምጠዋለች። መምህሩ ሲከፍተው ፕሮግራሙ በራሱ እሽግ ውስጥ ሆኖ ይሠራል እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አይጫንም። አዲስ እትም በመጣ ቁጥር እሽጉን ፈትታ፣ አድሳና ሞክራ መልሳ ታሽገዋለች። ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲበላሽ ግን ስሟ በየክፍሉ ይጠራል።

ከእሽጎቹ ሁሉ የምትሳሳው ለአንዱ ነበር። የማኔጅመንት መምህሩን የጋሼ ባዩን ዓይን የስኳር ሕመም ወሰደባቸው። ሥራ ሊለቁ ሲነሱ፣ ሃፊዛ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ የቆየ ፕሮግራም አገኘች። ሙንታሲር የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ለዓይነ ስውር ወንድሙ የሠራው ነው። ፕሮግራሙ የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫንም ቢል፣ የሚፈልጋቸውን ያረጁ ፋይሎች ፈላልጋ አብራ አሸገችለት። ጋሼ ባዩ ማዳመጫውን አድርገው አንድ ተማሪ በኮምፒውተር የጻፈው የፈተና መልስ ሲነበብላቸው ሳቃቸው መጣ።

"ሃፊዛ፣ ይኼ ልጅ ዛሬም አላጠናም!"

እንዲህ እያሉ ዓመታት አስተማሩ። ከዚያ ኮሌጁ ውስጥ ቫይረስ ገባና የተማሪዎች ውጤት ተቆለፈ። የተረፈው ከተረፈ በኋላ ዲኑ አቶ ይታገሱ ሁሉም ነገር እንዲታደስ አዘዙ። ሃፊዛ እሽጎቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ሲስተም አሻገረች። የጋሼ ባዩ ግን ይከፈትና ቃል ሳይተነፍስ ይዘጋል። ፈታች፣ አሸገች፣ ደግማ ፈታች። ውስጡን አውቆ የሚያስተካክለው የሠራው ሰው ብቻ መሆኑ ሲገባት ሙንታሲር ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቱ ፈቲሀ ናት።

"ሙንታሲር እኮ ወደ አኼራ ሄዷል እህቴ።"

"ኢና ሊላሂ... አላህ ይዘንለት። አልሰማሁም።" ሃፊዛ መቀጠሉ ቢያሳፍራትም ቀጠለች። "የሠራው ፕሮግራም ግን፣ ዋናው ኮዱ የት ይገኝ ይሆን?"

"ላፕቶፑ እዚህ አለ። የሚከፈትበትን ቃል የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር።"

ሃፊዛ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ለይታ አስቀረች። እዚያ ላይ ድምፁ ይናገራል። ፈተናዎቹ ግን ያሉት በአዲሱ ሲስተም ውስጥ ነው። ስልክም ተሞከረ፤ መልእክት ያነባል፣ የፈተናው ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። አቶ ይታገሱ ቢሮ ገባች።

"ለጋሼ ባዩ ብቻ ፈተናዎቹን በፍላሽ ወደ አሮጌው ልገልብጥላቸው።"

"ቫይረሱ ያን ጊዜም የገባብን በአንድ ፍላሽ ነበር" አሉ አቶ ይታገሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም። "ባዩ ወዳጄ ነው። ግን የሌሎቹን ልጆች ውጤት እንደገና ባጣ ለወላጅ ምን እላለሁ?"

ሃፊዛ እሳቸው ቦታ ብትሆንም ያንኑ ትል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ራሷ ከሥራ ስትወጣ ትቀመጥና ፈተናውን በወረቀት አትማ ታነብላቸው ጀመር። አንድ ሰሞን አዳመጧት። አንድ ቀን የምታነበውን ወረቀት በእጃቸው ዳስሰው ያዙባት።

"ይበቃሻል ልጄ። ድምፅሽ ደክሟል።"

"ምንም አልሆንኩም ጋሼ።"

"እኔ ሆኛለሁ። ያ ማሽን ሲያነብልኝ የማርመው እኔ ነበርኩ። አሁን አንቺ ያዘንሽለት ልጅ ያልፋል። ከድምፅሽ ይታወቀኛል።"

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትምህርታቸው ለሌላ መምህር ተሰጠና ወልቂጤ ልጃቸው አደይ ጋ ገቡ። ሃፊዛ የሲስተሙ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር አሁንም ያንን እሽግ ትሞክረዋለች። አንድም ቀን አልተናገረም። መሞከሯንም ለሰው መንገር ትታለች።

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ዒድ ማግስት ወልቂጤ ሄዳ ጠየቀቻቸው። ከስተዋል። አደይ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ፣ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርገው "ተማሪዎቹ እንዴት ናቸው?" አሏት።

"ሁልጊዜ ያነሱዎታል ጋሼ።"

የሚያውቋቸው ተማሪዎች ተመርቀው ከሄዱ ቆይተዋል። ጋሼ ባዩም ይህንን አላጡትም። "እሰይ" አሉና ሬዲዮኑን መልሰው ከፍ አደረጉት።