የዘጋነው ውሃ

የአገሪቱን ምድር በሚያጠናው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ረዳት ቆፋሪ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ ዋና ቆፋሪው ጋሽ በቀለ ከማሽኑ የወጣ ድንጋይ አሸከሙኝ። እንደ ዱላ ድብልብል ያለ፣ ገና ውሃው ያልደረቀ ነው። ኮር ይባላል። ተቀብዬ ሳጥኑ ውስጥ አጋደምኩት።

«ኧረ ገለበጥከው!» ብለው ጮኹብኝ። «ላዩን ታች አደረግኸው እኮ! አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ምድር በጭንቅላቷ የቆመች ሊመስላቸው ነው።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ሻይ ስንጠጣ ግን ቁም ነገሩን ነገሩኝ። «እኛ ወርቅም ውሃም አናወጣም። ምድር በሆዷ ምን እንደያዘች አይተን ለመንግሥት እንናገራለን። ማውጣት የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ገበሬው ሲጠይቅህ ይህንኑ ንገረው፤ ባዶ ተስፋ አትስጥ።»

እኔም በሄድኩበት ሁሉ ይህንኑ ስናገር ኖርኩ።

የባምባሲ የሰፈራ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጡ። በአሶሳ በኩል ሥራ ሲኖር «አገርህ ነው» ብለው እኔን ይልኩኛል። ጡረታ ልወጣ ስቃረብ፣ ዋና ቆፋሪ ሆኜ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የበርታ ሕዝብ መንደር፣ ወርቅ መኖሩን ለማጥናት ካምፕ ተከልን። የቡድኑ መሪ ዳዊት የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። ወጣት ነው፤ ጥንቃቄው ግን የሽማግሌ።

ምግብ የምታበስልልን ሐዋ የመንደሩ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው። ውሃ የምታመላልስላት ልጇ አሲያ ነበረች። በበጋ ወንዙ ስለሚደርቅ ሴቶቹ የወንዙን አሸዋ ቆፍረው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው በቅል ይቀዳሉ። በጋው በገፋ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ዳሩም መናድ ይጀምራል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እዚያ ነው። እኛ ደግሞ ለማሽኑ ማቀዝቀዣ ከአሶሳ በቦቴ ውሃ እናስመጣለን።

«መሐንዲስ፣» አለችኝ ሐዋ አንድ ቀን። መሐንዲስ አይደለሁም ብላት አልሰማ ብላኛለች። «ይሄ ማሽን ከኛ ይበልጣል ይጠጣል።»

«ምን ላድርግ ሐዋ፣ ካልጠጣ ይግላል።»

«እኛም ይግላል!» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አፈርኩ።

አንድ ጠዋት የማሽኑ ዘንግ የተሰነጠቀ አለት በሳ። ዘንጉን ስናወጣ ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ገንፍሎ ወጣ። ማሽኑን አጠፋን፤ ውሃው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ያን ያህል ዘመን ስቆፍር ማንም ሳይገፋው የሚፈስ ውሃ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እልልታው ቀለጠ። አሲያ ጄሪካኗን ይዛ እንደ ሕፃን ትዘላለች።

ዳዊት እየሮጠ መጣ። «እንዳትጠጡ! ቆይ፣ እንዳትጠጡ!»

ማታ ድንኳኑ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «የጉድጓዱን ቧንቧ ሳንነቅል ትተንላቸው እንሂድ። ምን ይጎዳናል?»

«ጋሽ አበራ፣ ወርቅ ባለበት አለት ውስጥ ያለፈ ውሃ መርዝ ሊይዝ ይችላል። አይታይም፣ አይሸትም። እኔ የማላውቀውን ውሃ ሕፃን አላጠጣም።»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። ናሙናውን በጠርሙስ አድርጎ ለዋናው ቤተ ሙከራ ላከ። እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሰዎች አሶሳ ድረስ ሄዶ ቢያናግራቸው «ውጤቱ ሲመጣ እናያለን» አሉት። ማሽኑ ክረምት ሳይገባ ሌላ ክልል መድረስ ነበረበት። ክፍት ጉድጓድ ትቶ መሄድ ደግሞ ክልክል ነው፤ ቆሻሻ ገብቶ ከሥር ያለውን ውሃ ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ ሲሚንቶ በጥብጠን ጉድጓዱን ደፈንነው።

ሐዋ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ኮር የሞሉት ሳጥኖች መኪናው ላይ ሲጫኑ ወደ እኔ ዞረች። «ድንጋይ ወሰደ፣ ውሃ ዘጋ። ለኛ ምን ቀረ?»

የጋሽ በቀለን ቃል ልነግራት ፈለግሁ። ግን የመጨረሻውን ሳጥን አንሥቼ መኪናው ላይ ጫንኩ።

አዲሱ ቦታ ላይ ማሽን ስንተክል ዳዊት ከአዲስ አበባ ደወለ። «ጋሽ አበራ፣ ውጤቱ ወጣ! ንጹሕ ነው፣ ለመጠጥ ይሆናል!» እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው አሶሳ ሱቅ ላለው ለሐዋ ወንድም ለኢድሪስ ደወልኩ። የምሥራቹን ነገርኩት።

«ኢድሪስ፣ አትሰማኝም እንዴ?»

«እሰማለሁ። አሲያን እኮ ቀበርናት።»

ውሃ ልትቀዳ የወንዙ አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ዳሩ ተንዶባት ነው። ሴቶቹ በእጃቸው አሸዋውን ቢዝቁም አልደረሱላትም። ወይ ነዶ! ስልኩን ይዤ ማሽኑ ሥር ቁጭ አልኩ።

ፈቃድ ጠይቄ ለቅሶ ደረስኩ። ሐዋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«መሐንዲስ፣» አለችኝ፣ «ውሃው ደህና ነው አሉ?»

«ደህና ነው ሐዋ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቀጥላም «አሲያ ሳይሰማ ሄደ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ እኔም አለቀስኩ።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ጉድጓዱ ስለተደፈነ እንደ አዲስ መቆፈር አለበት፣ ማሽን ሲገኝ እንመጣለን ብሏል። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ማሽኑ አልተገኘም። የመንደሩ ድንጋይ ግን አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ በሥርዓት ተቀምጧል። ላዩ ላይ፣ ታቹ ታች ነው፤ አንዱም አልተገለበጠም።

ለእናንተ ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው። ስትቆፍሩ ውሃ ከመጣ፣ ሲሚንቶውን ከመበጥበጣችሁ በፊት አንዳችሁ ናሙናውን ይዛችሁ ሂዱ። ውጤቱ እስኪሰጣችሁ ድረስ ከቤተ ሙከራው በር አትነሡ። ማሽኑ ይጠብቃችኋል።